ስምህ ማን ነው?

የሚነበበው ክፍል፦ ዘፍጥረት 27፥1-29፤ 32፥9-31፤ 46፥1-4፤ 47፥7-10፤ ሉቃስ 20፥37-38

መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ መጀመሪያ ክፍሎቹን አውጥታችሁ አንብቡ። የሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ሁኑ። ቃሉን እዚህ አልገለበጥኩትም፤ ወረቀቱም አይበቃም፣ ከራሱ ከመጽሐፉ ማንበብም ይሻላል።

እዚህ ካኩማ ስንኖር ስማችንን ስንት ጊዜ ነው የምንጠየቀው? ራሽን ስንወስድ፣ ክሊኒክ ስንሄድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናስገባ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን። ስም፣ ቁጥር፣ ብሎክ፣ የቤተሰብ ብዛት። ጣትህን እዚህ አድርግ። ማሽኑ እምቢ ካለ ጣትህን በልብስህ ጠርገህ እንደገና። ጭቃ ሲያቦካና ጡብ ሲሠራ የኖረ ሰው አሻራው ስለሚያልቅ ማሽኑ ቶሎ አያውቀውም። ሰውየው እዚያው ቆሟል፣ ጣቱም የራሱ ነው፣ ግን «አንተ አይደለህም» እንደ ማለት ነው።

የተመዘገበውም ስም ሁልጊዜ እኛን አይመስልም። በእኛ ዘንድ ልጅ በራሱ ስም ይጠራል፣ ቀጥሎ የአባቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ የአያቱ። ኮምፒውተሩ ግን የቤተሰብ ስም ፈልጎ የመጨረሻውን ይይዛል። ስለዚህ ሰልፍ ላይ የሞተው አያታችን ሲጠራ እኛ «አቤት» ብለን እንነሳለን። «ፀ» የምትባለው ፊደላችን ደግሞ በአንዱ ካርድ ላይ በቲ፣ በሌላው ላይ በኤስ ትጻፋለች፤ አባትና ልጅ የሁለት ቤት ሰው ይሆናሉ። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ይባልለታል። በ1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ተናግሮ ጸሐፊው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ካስገባው፣ አንድ ቀን ሳያድር ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ከቢሮ ይወጣል።

ይሄ ቀላሉ ነው፣ እንስቅበታለን። የማያስቀውም አለ። አንዳንዶቻችን ከሀገር የወጣነው መንገድ ላይ «መታወቂያ አውጣ» ተብለን ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ፤ በዚያች በአንዲት መስመር ሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተለይቷል። «ማንነት» የሚለው ቃል ጥሩ ቃል ነበር፤ አሁን ሲጠራ ሆዳችን ይፈራል። በጉባኤያችን አማርኛ የሚሰማው ሁሉ ከአንድ ቦታ የመጣ አይደለም። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከጋምቤላ፣ ከአስመራ የመጣ አለ። ስለዚህ ዛሬ «እኔ ማን ነኝ» ስንል ዘር ልንቆጥር አይደለም። የምንጠይቀው ይሄን ነው፤ አገሬ ከኋላ ቀርቶ፣ ሥራዬ ጠፍቶ፣ ዕድሜዬ ተቀይሮ፣ ስሜ እንኳ ተነክቶ፣ ያው የድሮው ሰው መሆኔን የያዘልኝ ማን ነው?

ስለ ስደተኛ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ዮሴፍን ወይም ሩትን እናነሳለን። ጥሩ ነው። እኔ ግን ያዕቆብን እወስዳለሁ፤ ዮሴፍ ንጹሕ ልጅ ነው፣ ያዕቆብ ደግሞ እኛን ይመስላል።

በሌላ ሰው ስም

ይስሐቅ አርጅቷል፣ ዓይኑ አያይም። ልጁ የተሠራ ምግብ ይዞ ገባ። አባት ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ልጁ በኩሩ ኤሳው እንደሆነ ተናገረ። ይስሐቅ ዝም ብሎ አላመነም። እንዴት ቶሎ አገኘህ አለ። ቀርቦ እጁን ዳበሰው። እንደገና በርግጥ ኤሳው መሆኑን ጠየቀ። በላ። ከዚያ አስጠግቶ ሲስመው የልብሱን ሽታ አሸተተ። ዛሬ ቢሆን ቬሪፊኬሽን ይባላል። እናቱ ርብቃ ግን የፍየል ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ አድርጋለታለች፣ የወንድሙንም ልብስ አልብሳዋለች። ሊያጋልጠው የነበረው ድምፁ ብቻ ነው። ድምፁን ቆዳ አይሸፍነውም።

ውሸቱ ሠራ። መጽሐፍ ቅዱስ አይደብቀውም፤ በረከቱን አገኘ። ግን በረከቱን ይዞ በአባቱ ቤት መኖር አልቻለም። ኤሳው ሊገድለው ስለዛተ ሸሸ፣ ሜዳ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ አደረ። የብዙ በግ፣ የብዙ እህል ወራሽ የተባለው ሰው በእጁ በትር ብቻ ነበረው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። በመካከላችን በሌላ ሰው ስም የሚኖር ሰው አለ። የሞተ ሰው ካርድ የያዘ አለ፣ በዘመዱ ኬዝ ተተክቶ የገባ አለ፣ ለማያውቀው ቤተሰብ ልጅ ተብሎ የተጻፈ አለ። አንዱ አስቦበት፣ አንዱ ሕፃን ሳለ ሌላ ሰው አስጽፎት፣ አንዱ ነፍሱን ሊያተርፍ። ሦስቱ አንድ አይደሉም፣ እግዚአብሔርም አንድ አድርጎ አያያቸውም። የማንንም ስም አልጠራም። እኔ መርማሪ አይደለሁም፣ ይሄም የቢሮ ወረቀት አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ድካም ይደክማል። አንደኛው ድካም እንደኛ የካምፕ ድካም ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ሆኖ የመዋል ድካም ነው። ሲጠራ «አቤት» ለማለት ትንሽ ይዘገያል። ልጆቹን ማታ ማታ «ሰው ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉ» ብሎ ያስጠናል። ከሀገሩ ልጅ ጋር ሲገናኝ ከመደሰት ይልቅ ይደነግጣል።

አንድ ወንድም ከጥናት በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ቆይቶ «በዚህ ስም ፕሮሰሱ አልቆ አሜሪካ ብገባ፣ እዚያ የሚኖረው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትልቅ ነው። ሰውን እንደ ሞኝ ቆጥረን «ስም ምን ያደርጋል፣ ዋናው መዳን ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም።

መልሱ ያዕቆብ ላይ አለ። የኤሳውን ልብስ ለብሶ የገባው ያዕቆብ ነው። የበላውም የዋሸውም የሸሸውም ያዕቆብ ነው። አባቱ ኤሳው መስሎት ባረከው፤ እግዚአብሔር ግን በመንገድ ላይ ሲገለጥለት ኤሳው መስሎት አልመጣም። በቤቴል መሰላሉን ያሳየውና እጠብቅሃለሁ ያለው ያንኑ የሸሸውን ልጅ ነው። ሰው በተሳሳተ ስም ሊሰጥህም ሊወስድብህም ይችላል። እግዚአብሔር ግን ምሕረቱን በተሳሳተ አድራሻ አይልክም። ስለዚህ ወንድሜን እንዲህ አልኩት፤ የሚሄደው አንተ ነህ። አውሮፕላኑ ላይ የሚወጣው አንተ ነህ፣ ኃጢአቱም የአንተ ነው፣ የሞተልህም ጌታ የአንተ ነው።

20 ዓመት በሰው ሀገር

ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት ኖረ። 14ቱን ስለ ሁለቱ ሚስቶቹ፣ 6ቱን ስለ መንጋው ሠራ። ደመወዙ 10 ጊዜ ተለዋወጠበት። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ፣ እንቅልፍም ከዓይኑ ሸሸ (31፥38-41)። በቱርካና ፀሐይ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ካኩማ የተከፈተው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 ነው። እዚህ ከያዕቆብ በላይ የቆዩ ሰዎች አሉ። እዚህ ተወልደው እዚህ የወለዱም አሉ።

በካምፕ ውስጥ ብዙ የምንሰማው ቃል «ነበርኩ» የሚለው ነው። መምህር ነበርኩ። ሾፌር ነበርኩ። ሱቅ ነበረኝ። ሲናገሩት ያ ሰው እዚያ ቀርቶ እዚህ የመጣው ሌላ ሰው ይመስላል። አንዳንዱ አባት ልጆቹ «ነበርኩ»ን ሰምተው ስለሰለቹት ዝም ብሏል። ዝም ያለው ሰው የበለጠ ያሳስበኛል። ልጁ አባቱን የሚያውቀው ሰልፍ ላይ ቆሞ ብቻ ነው፤ ክፍል ፊት ቆሞ ሲያስተምር አላየውም።

ያዕቆብ ወደ አገሩ ሲመለስ የጸለየውን ጸሎት ግን ተመልከቱ (32፥9-12)። ዮርዳኖስን ሲሻገር በትር ብቻ እንደነበረው፣ አሁን ግን ሁለት ክፍል ሕዝብ እንደሆነ ይናገራል። የበትሩንና የመንጋውን ሰው አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። በምን አገናኛቸው? በጉልበቱ አይደለም፣ ጎበዝ ነበርኩ አላለም። እግዚአብሔር ለባሪያው ያደረገውን ምሕረትና ታማኝነት ሁሉ ጠርቶ፣ ለዚያ እንደማይገባው ተናገረ። ያኔም እሱ ነበር፣ አሁንም እሱ ነው፤ በመካከል ያለው 20 ዓመት የተሰፋው በእግዚአብሔር ምሕረት ክር ነው። የእኛ ግን አቅጣጫው ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። ያዕቆብ በትር ይዞ ሄዶ መንጋ ይዞ ተመለሰ፣ እኛ ቤትና ሥራ ትተን በእጃችን ካርድ ያዝን። ክሩ ግን ያው ነው። ክሩ ንብረት ላይ አልታሰረም።

በያቦቅ ማሻገሪያ

ያቦቅ ወንዝ ነው፣ እንደኛ ላጋ ደርቆ የሚከርም አይደለም። ያዕቆብ በሌሊት ቤተሰቡን አሻገረና ብቻውን ቀረ። ነገ ኤሳውን ያገኛል፣ ኤሳው 400 ሰው ይዞ እየመጣ ነው። በጨለማ አንድ ሰው ያዘውና እስከ ንጋት ታገለው። ያዕቆብ ካልባረክኸኝ አለቅህም አለ። ታጋዩ ግን በረከቱን ከመስጠቱ በፊት ስሙን ጠየቀው።

ለምን ጠየቀው? እግዚአብሔር የማያውቀውን አይጠይቅም፣ የሚሞላው ፎርም የለውም። በመንገድ ላይ ኬላ የሚጠይቀን ሊለየን ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጠይቀን ሊመዘግበን ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ወደ ኋላ ተመለሱና አስቡ፤ ያዕቆብ ከዚህ በፊት በረከት ሲለምን አባቱ ማን እንደሆነ ጠይቆት ነበር። ያኔም ጨለማ ነበረ፣ የአባቱ ዓይን ጨለማ። ያኔ የሌላ ሰው ስም ሰጠ። አሁን ያ ጥያቄ ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ያዕቆብ አሁን የፍየል ቆዳ የለውም። ስሙ ያዕቆብ እንደሆነ ተናገረ።

ስሙን መናገር ለእሱ ቀላል አልነበረም። ስሙ በዕብራይስጥ ከተረከዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲወለድ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ነበርና። ኤሳውም በተታለለ ቀን ስሙ በትክክል ወጣለት፣ ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ ብሎ አልቅሷል (27፥36)። ስለዚህ «ያዕቆብ ነኝ» ማለት «ያ አሰናካዩ እኔ ነኝ» ማለት ነው። አዲሱ ስም እስራኤል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኤሳው ስም ቢመልስ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ቃሉም አይነግረንም። የነገረን፣ እውነተኛ ስሙን በተናገረበት ቦታ እንደተባረከ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ እያነከሰ ሄደ። ይሄን እወደዋለሁ። እግዚአብሔር አሮጌውን ሰው ጥሎ ሌላ ሰው አላመጣም። ያው እግር ነው፣ ያው ሰው ነው፣ የተነካ ሰው ነው። ጌታ ኢየሱስም ከሞት ሲነሳ የተወጋውን ጎኑንና እጁን ለቶማስ አሳይቷል (ዮሐንስ 20)። ሌላ አካል ቢያመጣ ይችል ነበር፣ ያ ቁስል ያለበትን አስነሳ። በእኛም ሰውነት ላይ መንገዱ የጻፈው ብዙ ነው። አንዳንዱ ጠባሳ ሲታይ ሰው ይጠይቃል፣ እኛም ረዥም እጅጌ እንለብሳለን። በክርስቶስ ዘንድ ጠባሳ ያለበት ሰው ከትንሣኤ አይባረርም።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። ስንመሰክር «ያ የድሮው እኔ ሞቷል» ማለት እንወዳለን። ቃሉም በክርስቶስ ያለ አዲስ ፍጥረት ነው ይላል፣ እውነት ነው። ግን አንዳንዱ ሰው ይሄን ዕዳ ለመካድ ይጠቀምበታል። ጌታን ከተቀበለ በኋላ ባለሱቁን «የተበደረው አሮጌው ሰው ነው» ቢለው ባለሱቁ ይቀበለዋል? ሐዋርያው ጳውሎስ አዲስ ፍጥረት ነው፣ ግን የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ያሳደደው ሌላ ሰው ነበር አላለም። እኔ ነበርኩ አለ፣ አሁን የሆነውንም በጸጋ እንደሆነ ጨመረ (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥9-10)። ያዕቆብም ስሙ ከተለወጠ በኋላ ወደ ኤሳው ሄዶ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። ያመጣውንም ስጦታ በረከት ብሎ ጠራው (33፥11)። የወሰደውን ነገር ስም ጠርቶ መለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሸክም የሚኖር ሰው ካለ፣ ብቻውን አይወስን። ወሬ የማያወጣ ሽማግሌ ያማክር፣ በካምፑ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ አብሮ የሚሄድ ወንድም ይፈልግ። የተሳሳተ ዕድሜና የተሳሳተ ፊደል ተጠይቆ ይታረማል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ከዚያ የከበደው ነገር ዋጋ ያስከፍላል፣ አያስከፍልም ብዬ አልዋሽም። ያዕቆብም እያነከሰ ነው የተሻገረው።

የረሳች እናት

ሌላ ጥያቄ ከአንዲት እህት መጣ። እናቷ አርጅታ መርሳት ይዟታል። ልጇን በሞተች እህቷ ስም ትጠራታለች። ከድንበር እዚህ ድረስ የመጡበትን መንገድ አታስታውስም፣ ማታ ማታ «ወደ ቤት እንሂድ» ትላለች፣ ቤቷ ግን ካኩማ አንድ ነው። እህታችን «እናቴ አሁንም እናቴ ናት? ጌታን እንደተቀበለች እንኳ ካላስታወሰች ምን ይሆናል?» አለች።

ሰው ራሱን በማስታወስ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ይሄ በጣም ያስፈራ ነበር። እስቲ መዝሙር 139ን አንብቡ። ዳዊት በእናቱ ማህፀን ሳለ እግዚአብሔር እንዳየው ይናገራል። በማህፀን ሳለን ስለ ራሳችን አንዲት ትዝታ አልነበረችንም። ስማችንን አናውቅም፣ ስምም ገና አልወጣልንም። ግን ነበርን፣ እሱም ያውቀን ነበር። መጀመሪያ ላይ ያለ ትዝታችን ካወቀን፣ መጨረሻ ላይ ትዝታችን ሲወሰድ እንዴት ይስተናል? በኢሳይያስ 49፥15-16 ደግሞ እግዚአብሔር ራሱን ከምታጠባ እናት ጋር ያወዳድራል። እናት ልጇን ልትረሳ ትችላለች ይላል፣ ይሄ በዚህ ቤት የሆነው ነው። እሱ ግን እንደማይረሳ፣ በእጁ መዳፍ ላይ እንደቀረጸን ይናገራል። እኛ በመዳፋችን አሻራ እንታወቃለን፣ አሻራችንም ያልቃል። የእኛ መታወቂያ ግን ያለው በእሱ መዳፍ ላይ ነው።

ይስሐቅም ልጁን ሊለየው አልቻለም እኮ። በእጁ ዳብሶ ሳተው። አባቱ ስለሳተው ያዕቆብ ልጅነቱ አልጠፋም። እህቴ ሆይ፣ እናትሽ ስምሽን ብትስት አንቺ ልጇ ነሽ፣ እሷም እናትሽ ናት፣ የጌታም ናት። በስሟ ጥሪያት። «እናቴ» በያት። የምታውቀውን መዝሙር ቀስ ብለሽ ዘምሪላት፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ መዝሙር ብዙ ጊዜ ይቆያል። «ወደ ቤት እንሂድ» ስትል አትከራከሪያት፣ አብረሻት ትንሽ ውጭ ወጥተሽ ተመለሺ። እኛም ጎረቤቶች «አብዳለች» የሚለውን ቃል እናቁም።

ሽማግሌው ከፈርዖን ፊት

ያዕቆብ እንደገና ተሰደደ። በከነዓን ረሃብ ሆነ፣ በ130 ዓመቱ ወደ ግብጽ ወረደ። በቤርሳቤህ አደረ፤ አገሩ የሚያልቅበት አካባቢ ነው። በሌሊት ራእይ እግዚአብሔር ጠራው። እዚህ ላይ ቃሉን ልብ ብላችሁ አንብቡ (46፥2)፤ እግዚአብሔር ለእስራኤል ተናገረ ይልና፣ ሲጠራው ግን «ያዕቆብ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራው። አዲሱን ስም የሰጠው እሱ ራሱ ነው፣ የድሮውን ግን አልጣለውም። አብራምን አብርሃም ካለው በኋላ አብራም ብሎ አልጠራውም፣ ያዕቆብን ግን በሁለቱም ይጠራዋል። ለምን እንደሆነ አስተማሪዎች የተለያየ ነገር ይላሉ። እኔ የምሰማው፣ በእርጅናና በፍርሃት ሌሊት፣ አባቱ ቤት በልጅነቱ በሚያውቀው ስም መጠራቱን ነው። ወደ ግብጽ መውረድ አትፍራ፣ ከአንተ ጋር እወርዳለሁ አለው። በድንበሩ ላይ የቆመ አምላክ አይደለም።

ከዚያ ፈርዖን ፊት አቆሙት። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር? ዕድሜህ ስንት ነው! ኢንተርቪው የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ያዕቆብ ዓመቱን አልቀነሰም፣ አልጨመረም። 130 አለ፣ ጥቂትና ክፉ ዘመን እንደሆነበትም ተናገረ። ራሱን አላሳመረም። ሲገባም ሲወጣም ደግሞ ፈርዖንን ባረከው። ለምኖ የመጣው ስደተኛ ባለ ዙፋኑን ባረከ። በኤሳው ስም በረከት የሰረቀው ልጅ በራሱ ስምና በራሱ ዕድሜ ቆሞ ሌላውን ባረከ።

በግብጽ 17 ዓመት ኖሮ በ147 ዓመቱ ሞተ፣ ልጆቹም ወስደው በከነዓን ከአባቶቹ ጋር ቀበሩት። ታሪኩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ግን በምድረ በዳ፣ ከሀገሩ ሸሽቶ የሰው በግ በሚጠብቅ በሙሴ ፊት ቁጥቋጦ ነደደ። እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ሲናገር የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ ነኝ አለ። ያን የአሰናካዩን ስም ከራሱ ስም ጋር አሰረው። ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ብለው ጌታ ኢየሱስን ሲፈትኑት፣ ጌታ ያመጣው ማስረጃ ይሄ ነው። እግዚአብሔር የሙታን አምላክ አይደለም፣ ስለዚህ ያዕቆብ ለእግዚአብሔር ሕያው ነው ማለት ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን በአማርኛ። ጥሩ ተረት ነው፣ ግን እዚህ ካምፕ ስም ከመቃብር በላይ ብዙ አይውልም። በእንጨት መስቀል ላይ በቀለም ጽፈን ተክለን እንመጣለን፤ በዓመቱ ስንሄድ ፀሐይና የአቧራ ነፋስ ፊደሉን በልቶታል። ባለፈው አንድ ቤተሰብ የአባታቸውን መቃብር ለመለየት ድንጋዩን በእግር እየቆጠሩ ነበር። ጌታ ለሰዱቃውያን የነገራቸው ከተረቱ ያልፋል። ከመቃብር በላይ የቀረው የያዕቆብ ስም ብቻ አይደለም፤ የስሙ ባለቤት አለ፣ ይጠራል፣ «እነሆኝ» ይላል።

ለማክሰኞ የቤት ለቤት ጥናት

ያዕቆብ ሁለት ጊዜ በረከት ፈልጎ ሁለት ጊዜ ተጠየቀ (27፥18 እና 32፥27)። መልሶቹን ጎን ለጎን አንብቡ። ምን ተለወጠ? ምን አልተለወጠም?

በቤታችሁ ወይም በብሎካችሁ ስሙ በሰው አፍ የጠፋ ሰው አለ? «ሽማግሌው»፣ «ያቺ በሽተኛ»፣ «ያ አዲሱ» ተብሎ ብቻ የሚጠራ? ከማክሰኞ በፊት ሄዳችሁ ስሙን ጠይቁት። የአባቱን ስምም ጠይቁት።

ልጆች ያላችሁ፣ ማክሰኞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። «ነበርኩ» ብላችሁ ያቆማችሁትን ታሪክ እዚያ ትነግሯቸዋላችሁ፤ መምህር የነበረ ጠመኔ ይያዝ፣ እኔ ሰሌዳ አመጣለሁ።